ባለቤቴ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ አለ፤ ኮንዶም መጠቀማችን ኃጢአት ነው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔና ባለቤቴ የተጋባነው በተክሊል ነው። ኤችአይቪ በደሙ ውስጥ እንዳለ ያወቅነው ከሠርጋችን በኋላ ነው። እኔ ተመርምሬ ነጻ ነኝ። እሱ መድኃኒት ከጀመረ ብዙም አልቆየም፤ ኮንዶም እንጠቀማለን። አንዲት የማኅበራችን እኅት ግን «ኮንዶም እየተጠቀማችሁማ አትቆርቡም» አለችኝ። ባለቤቴ ደግሞ መድኃኒቱን ትቼ ጠበል ብቻ ልጠመቅ እያለ ነው። ልጅም እንፈልጋለን። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ እኅታችን፣ ከኮንዶሙ በፊት መድኃኒቱን ላንሳ። የሚያስቸኩለው እሱ ነው።

ባለቤትሽ መድኃኒቱን እንዳያቆም። ጠበሉንም አትከልክዪው፤ ሁለቱ አይጣሉም። በእንጦጦ ማርያም ጠበል ብዙዎች መድኃኒታቸውን እየተዉ በሚጠመቁበት ዘመን፣ በ1999 ዓ.ም.፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ይነግረናል። ጠበሉን በባዶ ሆድ መጠጣት ስላለብኝ ክኒኑ ያስቸግረኛል ካለ፣ ሰዓቱን ወደ ማታ ማዞር ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቅ። ለቁርባን ጠዋትም ይጠቅመዋል።

መድኃኒቱ የሚጠብቀው እሱን ብቻ አይደለም። ሳይቆራረጥ ሲወሰድ፣ ብዙውን ጊዜ በ6 ወር ውስጥ፣ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይወርዳል። እዚያ ደርሶ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው በግንኙነት ቫይረሱን አያስተላልፍም። በአውሮፓ ጥንዶችን ለዓመታት የተከታተለ «ፓርትነር» የተባለ ጥናት ነበር። ኮንዶም ሳይጠቀሙ ከኖሩት መካከል፣ በመድኃኒት ላይ ካለው ጓደኛው ቫይረሱ የተላለፈበት አንድም ሰው አልተገኘም። መድኃኒቱ ከቆመ ግን ቫይረሱ ተመልሶ ይበዛል። ያኔ አንቺም አደጋ ላይ ትወድቂያለሽ።

ወደ ኮንዶሙ እንምጣ። በቤተ ክርስቲያን ስለ ኮንዶም የሚሰማው ተግሣጽ በዋናነት «ከተጠነቀቃችሁ ዝሙት ችግር የለውም» ለሚለው ወሬ የተሰጠ መልስ ነው። የእናንተ ጉዳይ ሌላ ነው። ዝሙት የለም፤ ያለው በጸሎት የተባረከ ትዳር ነው። አንዳንድ አባቶች «እንግዲያስ ከግንኙነት ተቆጠቡ» ይላሉ። ሁለታችሁም ወዳችሁ ከቻላችሁት መልካም። ካልሆነ ግን ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 7 ባልና ሚስት እርስ በርስ እንዳይከላከሉ አዝዟል፤ የፈቀደውም ተስማምተው፣ ለጸሎት፣ ለጊዜው ብቻ ነው። በዚያ ላይ «አትግደል» የሚለው ትእዛዝ ጓዳ ሲገቡ አይቀርም። ስለዚህ እኔ፣ ባል ሚስቱን ከበሽታ ለመጠበቅ ኮንዶም ቢጠቀም በዝሙት ሚዛን አልመዝነውም። ቫይረሱን ደብቆ የሚያገባውን ግን እገሥጸዋለሁ።

ትቆርባላችሁ ወይስ አትቆርቡም የሚለውን የሚፈታው የንስሐ አባታችሁ ነው፤ የማኅበር እኅት ሥልጣን አይደለም። ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱና ሳትደብቁ ንገሯቸው። በሽታው ራሱ ከቁርባን አይከለክልም።

ልጅን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሕፃን ቫይረሱን የሚያገኘው ከእናቱ ነው፦ በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም በጡት። አንቺ ነጻ ሆነሽ ከቆየሽ ልጅሽም ነጻ ነው። ስለዚህ በባለቤትሽ የቫይረስ መጠን ምርመራ ውጤት ቫይረሱ የማይታይ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ኮንዶሙን አትተዉ። አንቺም ስለ «ፕረፕ» ጠይቂ፤ ቫይረሱ የሌለበት ሰው አስቀድሞ የሚወስደው መከላከያ ክኒን ነው። በአገራችንም እንደ እናንተ ላሉ ጥንዶች ይሰጣል። ውጤቱ ጥሩ ሲሆን መቼ መሞከር እንደምትችሉ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገሩ። ካረገዝሽም በኋላ፣ ጡት እያጠባሽም፣ ምርመራሽን እንዳታቋርጪ።