ቀለሙ አልቀየር ያለው በተን

ከአራት ኪሎ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ሽሮ ሜዳ ያለ የሐበሻ ልብስ ሱቅ ዌብሳይት ተረክበሃል። «ይዘዙ» የሚለውን በተን ከብርቱካናማ ወደ አረንጓዴ ለመቀየር ሲኤስኤሱን (የገጹን መልክ የሚወስነውን ፋይል) አስተካክለህ ጫንክ። በዚያው ፋይል የርዕሱን መጠን ስትጨምር ሠራልህ፤ በተኑ ግን ንቅንቅ አላለም። አንድ ሰው ደግሞ በቴሌግራም «ይህን ኮድ ኮንሶል ላይ ለጥፈው፣ ይስተካከላል» ብሎ ልኮልሃል። ኮንሶል ብራውዘሩ ውስጥ ኮድ ተጽፎ የሚሠራበት ቦታ ነው።

ከኮዱ እንጀምር። አትለጥፈው። ኮንሶል ላይ የገባ ኮድ በአንተ ስም ነው የሚሠራው። አድሚን ሆነህ ገብተህ ከሆነ አንተ የምታየውን ያያል፣ አንተ የምትችለውን ያደርጋል። ክሮም ራሱ ልትለጥፍ ስትል የሚያስጠነቅቅህ በከንቱ አይደለም።

ወደ በተኑ። ብዙ ሰው «ካሽ ነው»፣ ማለትም ብራውዘሩ ያስቀመጠው የድሮ ቅጂ ነው ይልሃል። አይመስለኝም። ካሽ ቢሆን ርዕሱም ባልተቀየረ ነበር። ፋይሉ ደርሷል፤ ሌላ ትእዛዝ የአንተን በልጦታል ባይ ነኝ።

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ሲን አንድ ላይ ተጫን፤ የብራውዘሩ መመርመሪያ (ዴቭቱልስ) ሲከፈት በተኑን ንካ። «ስታይልስ» ውስጥ አረንጓዴህን ፈልግ። ጭራሽ ከሌለ የክላሱን ስም (ለበተኑ የተሰጠውን መለያ) ተሳስተህ ይሆናል። ካለ ግን መስመር ተሰርዞበት ታገኘዋለህ። ብርቱካናማው ብዙውን ጊዜ ከላይ ይሆናል፤ ከጎኑ የፋይሉ ስምና የመስመር ቁጥር አለ። ከብርቱካናማው በስተግራ ያለውን ምልክት አንሳበት። በተኑ አረንጓዴ ከሆነ ጥፋተኛውን ይዘኸዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ይህን ያልተረዳ ሰው ሁሌም ቀለም ሲያሳድድ ይኖራል። ሁለት ትእዛዝ ሲጋጭ ብራውዘሩ የትኛው ኋላ ተጻፈ ብሎ ብቻ አይፈርድም፤ ክብደት ይመዝናል። በሦስት ረድፍ ይቆጥራል፦ አይዲ (ለአንድ ነገር ብቻ የሚሰጥ ስም)፣ ክላስ (ብዙ ነገር የሚጋራው ስም)፣ ታግ (የነገሩ ዓይነት)። አንተ በአንድ ክላስ ከጻፍክ 0-1-0 ነህ። የድሮው ሰው በአይዲና በታግ ከጻፈ 1-0-1 ነው። ቆጠራው ከግራ ስለሚጀምር እዚያው አለቀ። 10 ክላስ ብትደረድርም አንድ አይዲን አታሸንፍም፤ ረድፎቹ አይደመሩም። የኋለኛው የሚያሸንፈው እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው። ኤችቲኤምኤሉ (የገጹ መዋቅር ኮድ) ውስጥ በቀጥታ በ«ስታይል» የተጻፈ ከሦስቱም ይበልጣል። እሱንም የሚጥለው ኢምፖርታንት (ከትእዛዙ ኋላ የሚጨመረው «!important») ነው። ክሮም ላይ ማውስህን ሴሌክተሩ (ትእዛዙ ለየትኛው ነገር እንደሆነ የሚናገረው ስም) ላይ ብታሳርፍ እነዚህኑ ቁጥሮች ያሳይሃል።

እነዚህ ክራክ የተደረጉ (ያለ ፈቃድ የሚሰራጩ) የዌብሳይት ቴምፕሌቶች በጣም ያናድዱኛል። ኢምፖርታንት እንደ በርበሬ ተነስንሶባቸው ነው የሚመጡት። ከአንተ በፊት የነካው ሰው ደግሞ ምንጩን ሳይፈልግ በላዩ ላይ ሌላ ጨምሮ ሄዷል ብዬ እጠረጥራለሁ። አንተ አትጨምር። ብርቱካናማው ያለበትን ፋይል ክፈትና ቀለሙን እዚያው ቀይር። ስታይልስ ላይ የሞከርከው ሪፍሬሽ ስታደርግ ይጠፋል።

ከዚያ በኋላ አሮጌው ቀለም ከታየህ፣ ያኔ ካሽን ጠርጥር። «ኔትወርክ» ውስጥ «ዲሴብል ካሽ»ን ምልክት አድርግ። የሚሠራው ዴቭቱልሱ ክፍት እስካለ ብቻ ነው። በሞባይል ዳታ ከሆንክ የቀሚሱ ፎቶ ሁሉ በየሪፍሬሹ እንደ አዲስ ይወርዳል፤ ፓኬጅህን ይጨርሰዋል። እንደጨረስክ አንሳው።

አሁንም እምቢ ካለህ የስታይልሱን ስክሪንሾት ላክልኝ፤ የተሰረዘው መስመርና የፋይሉ ስም ይታይ። ያንን የቴሌግራም ኮድ ግን፣ ደግሜ እላለሁ፣ ኮንሶል ላይ አታስገባው። ለጥፈኸው ከሆነ ደግሞ አሁኑኑ ፓስወርዱን ቀይር፣ ከተከፈተበት መሣሪያ ሁሉ ውጣ፣ ለሱቁ ባለቤትም ሳትደብቅ ንገራቸው።