ድንጋዩ ሲደክም

ልጆቼ፣

ባለፈው ጣና ዳር ቡና ስንጠጣ «ጋሼ፣ ከዋልያስ ባንድ የትኛውን ዘፈን ይወዳሉ?» ብላችሁኝ «ሙዚቃዊ ስልት» ስላችሁ ተሳሳቃችሁ። ግጥም የሌለው ዘፈን ምኑ ይወደዳል ማለታችሁ ነበር። ያን ዕለት ስላልመለስኩላችሁ ይኸው ጻፍኩ።

በደርግ ጊዜ፣ ገና ወጣት ሳለሁ፣ እዚሁ ባሕር ዳር የሽመና ማሽን ጠጋኝ ሆኜ ተቀጠርኩ። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በተከራየናት ክፍል ውስጥ ያለን ሀብት ቴፕ ብቻ ነበር። የባትሪ ድንጋይ የምንገዛው ደመወዝ ሲወጣ ነው። ሲደክም ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ እናሰጣዋለን፤ ጓደኛዬ ደግሞ በጥርሱ ነከስ ነከስ ያደርገውና ይመልሰዋል። ለሁለት ዘፈን ያህል ነፍስ ይዘራል። ከዚያ ሙዚቃው እየተጎተተ፣ እየወፈረ ይሄዳል። ዘፋኝ ያለበት ካሴት ሲሆን የሰካራም ድምፅ ይሆንና እንስቃለን። «ሙዚቃዊ ስልት» ግን ሲዘገይ ያምርበታል። የኃይሉ መርጊያ ኦርጋን ከላይ ይንሳፈፋል፤ ከሥር ቤዙ አንድ በአንድ ሲረግጥ ይሰማል።

ምክር ካላችሁኝ ይቺን ነው የምመክረው፦ ሙዚቃ ስትወዱ አንድ መሣሪያ ምረጡና እስከ መጨረሻው እሱን ብቻ ተከተሉ። በማግስቱ ሌላውን። እኔ ማሽን መስማት የተማርኩት ቤዙን ስከተል ከርሜ ነው። አዳራሽ ሙሉ ማሽን እየተንጫጫ የአንዱ መወርወሪያ ጊዜውን ስቶ ሲመታ ከሩቅ ለየሁት። የዚያን ጊዜው አለቃዬ «በጆሮ ነው የምትጠግን?» ብሎ ዘጋኝ፤ ማሽኑ በማግስቱ ቆመ። እሱ ሌላ ወሬ ነው፣ ይቆየን።

ሙዚቃውን የደረሰው ግርማ በየነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 «ቼ በለው» በተባለው ሸክላ ላይ ወጣ። ባንዱ አዲስ አበባ ሒልተን ይጫወት ነበር፤ በሰዓት እላፊው የተነሳ የገባው ታዳሚ እስኪነጋ መውጫ ስለሌለው እነሱም ሲጫወቱ ያነጋሉ። እዚያው ሸክላ ላይ «ሎሚ ተራ ተራ»ም አለ። እሱ ለእኔ ከዘጌ በጀልባ የሚመጣ የሎሚ ጆንያ ሽታ ነው፤ ሌላ ትርጉም አልፈልግለትም።

የባንዱ ልጆች እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄደው ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነዳ፤ ኪቦርዱን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይዞ እየዞረ፣ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ። በተማራችሁበት ሥራ ያልተቀጠራችሁ ይቺን ልብ በሏት፤ እሱ ታክሲውንም ጣቶቹንም አልናቀም።

ጓደኛዬ ዘመተ፤ አልተመለሰም። ከስንት ዘመን በኋላ ልጄ «ሙዚቃዊ ስልት»ን በስልኳ ብታሰማኝ «ምን እንዲህ ያጣድፈዋል?» አልኳት። «አባዬ፣ ትክክለኛው እኮ ይሄ ነው» አለችኝ። ልክ ናት። ጥርሱ ያረፈበት ድንጋይ የሚያጫውተው ግን ያኛው ነው፤ እኔም የምወደው ያንን ነው።

ቴፑ አሁንም አለ። እሁድ ስትመጡ ድንጋይ ይዛችሁ ኑ፤ አዲስ እንዳይሆን ብቻ።