ለኮምቦልቻዋ እህቴ፦ ጨርቁን ሳታጥቢ መቀስ እንዳታነሺ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ያየሁት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው። የእናትሽ የእግር ስፌት መኪና ደርሶሻል። ከመስከረም ጀምረሽ አንድ ዓመት ሙሉ የልጆችሽን፣ የባልሽንና የቅርብ ጓደኞችሽን ልብስ ራስሽ ልትሰፊ አስበሻል። «ያዋጣል ወይ? ከየት ልጀምር?» ነው ያልሽው። እኔ ደሴ ነኝ። አንቺ ያሰብሽውን በ2016 ከመስከረም 1 እስከ ጳጉሜ መጨረሻ አድርጌዋለሁ። አርባ ሦስት ልብስ ሰፍቻለሁ፣ አንድ በአንድ ደብተሬ ላይ አለ። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ክር እንዴት እንደሚገባ፣ ቦቢን እንዴት እንደሚጠቀለል አልነግርሽም። እናትሽ ስትሰፋ እያየሽ ነው ያደግሽው። የሚያከስርሽ ሌላ ነው።

1. ጨርቅ ገዝተሽ ስትገቢ በቀጥታ ወደ ውሃ። ጥጥ ከሆነ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፊው፣ አስጪው፣ ተኩሺው። ከዚያ በኋላ ለክተሽ ቁረጪ። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል። ከአንድ ሜትር ሦስትም አምስትም ሳንቲ ሜትር ሊሄድ ይችላል። በእጅ የተሸመነ ሲሆን ይብሳል። ፖሊስተር ግን ቢያጥቡት ያው ነው። ሁለቱ አንድ ልብስ ላይ ሲገናኙ ነው ጉዱ የሚመጣው። ከታች እነግርሻለሁ።

2. በመርፌ አትሰስቺ። ለስስ ጨርቅ 11 ቁጥር፣ ለተራው ጥጥ 14፣ ለጂንስና ለካኪ 16። እኔ ሦስት ወር በአንድ መርፌ ሰፋሁ። ስፌቱ እየዘለለ ሲያስቸግረኝ መኪናው የተበላሸ መሰለኝ። ጠጋኝ ቤት ድረስ አስመጣሁ። መርፌውን ቀየረና 400 ብር ተቀብሎኝ ሄደ። 400 ብር ስንት መርፌ እንደሚገዛ አስቢው።

3. መኪናውን ዘይት በቀባሽበት ቀን ነጭ ጨርቅ አታስጠጊ። ይህንን ለማንም ከመናገር አልቦዝንም፣ ምክንያቱም የዓመቱን ትልቁን ዋጋ የከፈልኩት በዚህ ነው።

ታናሽ እህቴ ጥር ላይ ተዳረች። የመልስ ቀሚሷን እኔ እሰፋለሁ አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም፣ ራሴ ነኝ ያልኩት። እስከዚያ አሥራ ስምንት ልብስ ሰፍቼ ነበርና እጄን አምኜዋለሁ። ሸማውን እናቴ ናት ለሸማኔ ሰጥታ ያሠራችው። ድሩ የገበያ ክር ነው። ማጉን ግን ክረምቱን ሙሉ ቁጭ ብላ በእንዝርት የፈተለችው ራሷ ናት። ዓይኗ እየደከመ ነው የፈተለችው። ጥለቱ አረንጓዴና ወርቅማ፣ እንዴት እንደሚያምር!

ጨርቁን ሳላጥብ ቆረጥኩት። አዲስ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ለምን አጥበዋለሁ አልኩ። ከሥሩ የፖሊስተር ገበር ገባ። ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው እህቴን አለካኋት፣ ልክ ልኳን ሆነ። የቀረኝ የታችኛው ጠርዝ ቅምቀማ ብቻ ነው። ጠዋት ፔዳሉ ከብዶኝ ስለነበር መኪናውን በደንብ ዘይት ቀብቼዋለሁ። የጥር የደሴ ብርድ እኛንም መኪናውንም ያደርቃል። ማታ ቅምቀማውን ስጀምር ከመርፌው ዘንግ ላይ ጥቁር ዘይት ጠብ አለ። ሦስት ቦታ፣ እያንዳንዱ የባቄላ ፍሬ ያህላል። ፊት ለፊት ላይ።

ደነገጥኩ። የደነገጠ ሰው ደግሞ ያጥባል። ሙሉ ቀሚሱን በሙቅ ውሃ በኦሞ አሸሁት። ዘይቱ ለቀቀ። ቤት ውስጥ ሰቀልኩትና ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ሸማው ተሰብስቦ ገበሩ እንዳለ ቀርቷል። ገበሩ ከሥር አራት ጣት ወርዶ ይታያል። ጥለቱ እንደ ጎርፍ መሄጃ ተጠማዟል። ለእህቴ ሳለብሳት ደረቷ ላይ አልዘጋ አለ።

ሌሊቱን ገበሩን ፈታሁ፣ ጎንና ጎኑ ላይ ቁራጭ አስገባሁ፣ ጥለቱ አልገጠመም። ንጋት ላይ ተውኩት። እቁቤን ቀድሜ ለምኜ ወሰድኩና በ8,000 ብር የተሰፋ ቀሚስ ገዛንላት። እህቴ «አብሽሪ፣ ምንም አይደል» አለችኝ። እናቴ ምንም አላለችም። ጥለቱን በጣቷ ዳሰሰችውና አጥፋ አስቀመጠችው። ከብሩ በላይ ያ ነው የቆረቆረኝ።

አንቺ እንዲህ አድርጊ። ሸማ ከሆነ ከመቁረጥሽ ሳምንታት አስቀድመሽ እጠቢው። ጥለቱ ቀለም እንደማይለቅ መጀመሪያ ጫፉን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ፈትጊና እዪ። ገበሩም ጥጥ ይሁን፣ እሱንም እጠቢው። ዘይት ከቀባሽ መኪናውን አሳድሪው፣ በማግሥቱ የመርፌውን ዘንግ ጥረጊና እራፊ ላይ ዝም ብለሽ ስፊ። እራፊው ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ሌላ ነገር አትንኪ። የእናትሽ መኪና ብዙ ጊዜ የቆመ ከሆነ ውስጡ የረጋ አሮጌ ዘይት ይኖረዋል። አዲሱ ዘይት ሲገባ ያ ጥቁሩ ነው የሚወርደው።

መኪናውን ግን እንዳትጠዪው። የእኔም የእናቴ ነው። በ2014 ከደሴ ወጥተን ወደ ደብረ ብርሃን ስንሄድ ብረት ነውና ማን ይሸከመዋል፣ ትተነው ሄድን። ስንመለስ ቤቱ ባዶ ነበር። እሱ ግን ጠረጴዛው ተሰብሮ መሬት ላይ ተገልብጦ ጠበቀን። ጠረጴዛውን አሠራሁለት፣ ቀበቶውን ቀየርኩለት፣ ይኸው ይሠራል።

አሁን ስለ ዩኒፎርም። ሦስት ልጆች አሉኝ ብለሻልና ከዩኒፎርም ልትጀምሪ እንደሆነ ገምቻለሁ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ለልጄ ሸሚዝና ሱሪ ሰፋሁለት። ኮሌታው ቀጥ ያለ፣ የስፌቱ ትርፍ ሁለት ጣት የተተወለት፣ ቢያድግ የሚለቀቅ። በሦስተኛው ቀን ልጄ እያለቀሰ ከትምህርት ቤት ተመለሰ። «ሰማያዊው የእኛ ሰማያዊ አይደለም» ተብሎ።

ቢሮው ሄድኩ። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ከታዘዘው ቤት ግዙ» አለ። የታዘዘው ቤት ስንት እንደሚሸጥ አውቃለሁ፣ ስፌቱም በወሩ እንደሚተረተር አውቃለሁ። ጨርቁን ብቻ ከዚያ ቤት ገዝቼ ልስፋው ስለው «እዚህ የልብስ ስፌት ትምህርት አንሰጥም» አለኝ። በሰው ፊት። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በሦስተኛው ቀን «የተጻፈ መመሪያ ካላችሁ አሳዩኝ፣ እፈርማለሁ» አልኩ። ዝም አለ። ይህን ጊዜ ርዕሰ መምህሯ ከውስጥ ሰምተው ወጡ። ሸሚዙን ገልብጠው ስፌቱን አዩት። «ማን ነው የሰፋው?» አሉ። እኔ ስላቸው ቁራጭ ናሙና ሰጡኝና «በዚህ ቀለም ይሁን እንጂ ስፌቱስ ይበልጣል» አሉ። በዚያው ሳምንት ደግሜ ሰፋሁ። የመጀመሪያውን የሰፈር ልጅ ለበሰው። አንቺ ናሙናውን ሳትይዥ አንድ ሜትር እንዳትገዢ። ናሙናውን ደግሞ መስኮት ጋ፣ በቀን ብርሃን አስተያዪው። በሱቅ አምፖል ሁሉም ሰማያዊ አንድ ነው።

ለልምምድ ጥሩ ጨርቅ አታጥፊ። አሮጌ አንሶላ ካለሽ መጀመሪያ እሱን ቅደጂና ስፊ፣ ልበሺው፣ ከዚያ ዋናውን ቁረጪ። የእናንተው ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አንሶላ እኛ ቤት ስንት ዓመት ተኝተንበት አሁን ለስድስት ቀሚስ መለኪያ ሆኗል። አየሩንም አስቢ። እኛ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው የምንኖረው፣ እናንተ ከእኛ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላላችሁ። እኔ ለእዚህ ገበር ያለው እሰፋለሁ። ሞቃቷ ባቲ ለምትኖረው አክስቴ ያንኑ ቀሚስ ስሰፋላት «ልጄ፣ ልታቃጥይኝ ነው?» አለችኝ። ለአንቺ ስስ ጥጥ፣ ሰፋ ያለ እጅጌ ይሻልሻል። ለባልሽ ደግሞ ሽርጥ ስፊለት፣ ሁለት ጠርዝ ቀምቅመሽ አንድ ስፌት ብትገጥሚ አለቀ።

ስለ በዓል። እኛ ቤት እንደ ብዙው የወሎ ቤት ነው። እኔ ክርስቲያን፣ ባለቤቴ ሙስሊም። በ2016 መውሊድና ደመራ አንድ ቀን ዋሉ፣ መስከረም 16። ገና መጀመሬ ነበርና ለማንም አልደረስኩም፣ የልጄን ቀሚስ ቁልፍ ሳልተክል በመርፌ ቁልፍ አስይዤ ላክኋት። ሚያዝያ ላይ ግን ኢድ አልፈጥር በ2፣ ፋሲካ በ27 መጣ። አሥራ አራት ልብስ ነበረብኝ። ሁሉንም አደረስኩ።

እንዴት መሰለሽ? ደብተር። ስም፣ ልኬት፣ የጨርቁ ወርድ፣ የታጠበበት ቀን፣ የመረከቢያ ቀን። መቁረጥ ሁሉንም በሁለት ቀን ጨረስኩ። ከዚያ ክር ላለመቀያየር ነጩን ለብቻ፣ ጠቆር ያለውን ለብቻ ሰፋሁ። ከበዓሉ ሁለት ሳምንት በፊት ጨርቅ ያላመጣ ሰው አልተቀበልኩም። የባለቤቴ እናት ብቻ ዘግይተው ላኩ፣ እሳቸውን እንቢ አልልም። የኢድ ዕለት ከሶላት መልስ ቀሚሳቸውን ለጎረቤት ሁሉ እያሳዩ «ምራቴ ናት የሰፋችው» ሲሉ ሰማሁ። ያንን ቀን አልረሳውም።

ጓደኞችሽን በተመለከተ ከልብሽ ስሚኝ። «ጨርቅ ከአንቺ፣ እጅ ከእኔ» በይ፣ ግን ክር፣ ዚፕ፣ ቁልፍ፣ ላስቲክም ከእነሱ መሆኑን ጨምረሽ ተናገሪ። እኔ አልተናገርኩም። በአራት ወር ለክርና ለዚፕ ብቻ 2,300 ብር ከኪሴ ወጣ። አንዷ ወዳጄ የእሷን በነፃ ሰፍቼላት የአጎቷን ሚስት ይዛ መጣች፣ ቀጥሎ የአጎቷን ሚስት ጎረቤት። ሦስተኛዋን ዋጋ ስጠይቅ ወዳጄ ተቀየመች። እስካሁን ቡና አንጣጣም። ጥፋቱ የእኔ አይደለም፣ ግን መጀመሪያ ብናገር ኖሮ ወዳጄን አላጣም ነበር።

ያዋጣል ወይ ላልሽው፦ የልጆች ልብስ፣ የቤት ቀሚስ፣ ድሪያ፣ ጀለቢያ፣ ሽርጥ፣ የትራስ ልብስ በጣም ያዋጣል። ጂንስና የወንድ ሱሪ አያዋጣም። የፊት ዚፑ አንድ ሙሉ ቀን ይበላል። እኔ ሁለት ሰፍቼ ሦስተኛውን ለልብስ ሰፊ ሰጠሁ። ጃኬት አልሞከርኩም። የ8,000 ብሩን ቀሚስ ጨምሬ እንኳ ዓመቱን ከሌላው ዓመት ያነሰ ነው ለልብስ ያወጣነው።

ያ የተበላሸ ሸማ ደግሞ አልተጣለም። እናቴ አጥፋ ካስቀመጠችበት አወጣሁት። አሁን ታጥቧል፣ የሚሰበሰበውን ተሰብስቧል። ለሰባት ዓመቷ ልጄ የፋሲካ ቀሚስ ወጣው፣ ከተረፈው ለእናቴ አንገት ላይ የሚጣል። ጥለቱን በዚህ ጊዜ በትክክል ገጠምኩት። እናቴ ልጅቷን አዙራ አዙራ አየቻትና እልል አለች።

ከጥያቄሽ ጋር በላክሽው ፎቶ ላይ የመኪናሽ ቀበቶ የላላ ይመስላል። እባክሽ ከጎን በኩል ደግመሽ አንሺና አሳዪኝ። ከላላ ሳትቀይሪው አትጀምሪ። ለልጆችሽ ዕድሜ የሚሆን የቀሚስና የሸሚዝ ቅድ በወረቀት አለኝ። ደሴ ስትወጪ ብቅ በይ፣ ገልብጠሽ ትወስጃለሽ። እስከዚያ የገዛሽውን ጨርቅ ነገ ዘፍዝፊው። የእናንተ ፀሐይ በግማሽ ቀን ያደርቀዋል።