ንጉሡ ወረዱ፤ ከዚያስ?

ልጆቼ፣

በቅርቡ ደሴ ላይ አንዲት የሕግ ተማሪ «ጋሼ፣ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ የጣለውን መንግሥት የሚተካው ሁሉ ቅቡልነት አለው?» ብላ ጠየቀችኝ። በጠበቃነት ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ መልሱ አፌ ላይ ነበር። ግን የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰችብኝና ዝም አልኩ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ነው። ሰኞ ገበያ አካባቢ አንዲት ሻይ ቤት ታጭቀናል። ባለቤቷ ቀረፋ የማትቆጥብ ሴት ነበረች፤ እንደዚያ ያለ ሻይ ከዚያ ወዲህ አልጠጣሁም። ሬዲዮው አዋጁን አነበበ። ንጉሡ ወርደዋል፣ ፓርላማው ተበትኗል፣ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ታግዷል። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ወሎ እንዴት አያጨበጭብ? በ1965 እና በ66 ከየገጠሩ የፈለሰውን ረሃብተኛ በየመንገዱ ዳር ያየን ልጆች ነን። ዙፋኑ ያለቀለት ያ ረሃብ ሲደበቅ ነው፤ ወታደሩ የመጣው በኋላ ነው።

ጥግ ላይ አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ባጠረች እርሳስ የሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ ይጽፋሉ። ጭብጨባው ጋብ ሲል ቀና አሉ።

«ሰልፍና አድማ ተከልክሏል አለ አይደል? ታዲያ ነገ ሲከፋችሁ በምን ትናገራላችሁ?»

አንዱ «አድኃሪ!» አለ። ቤቱ ተቀበለው። እሳቸው «አብሽሩ» ብለው ሂሳባቸውን ከፈሉ፤ ፓኮዋን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተው ወጡ። ዳግመኛ አላየኋቸውም። ሌላ ምን ጽፈው ይሆን? እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እኛ የተከራከርነው በሌላ ነገር ነበር። አዋጁ አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ንጉሥ ይሆናሉ ይላል። የወሎ ገዥ ስለነበሩ «ይሁኑ፣ አይሁኑ» እያልን አመሸን። መጋቢት ላይ ዘውዱ ራሱ ቀረ። «ያለ ምንም ደም» ያለው ደርግ ደግሞ ገና ኅዳር 14 ላይ 60 የሚሆኑ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሽኖ ነበር።

የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ግን እኔም ጨፍሬያለሁ። ዛሬም ቢሆን ደግ አደረግሁ እላለሁ። ማንም ያልመረጠው መንግሥት ትክክለኛ ነገር ሊሠራ ይችላል። ይህ ከቀሪው ሐሳቤ ጋር ይጋጭ ይሆናል፤ ይጋጭ።

የጸሐፊው ጥያቄ የተመለሰው በ10 ዓመቱ ነው። መስከረም 1977 አዲስ አበባ ላይ የአብዮቱ በዓል በታላቅ ሰልፍ ሲከበር ያኔ ወሎ ውስጥ በነበረችው ኮረም ሰው በረሃብ እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ሰልፉን የጠራው መንግሥት ነው። ለወሎ ብሎ መውጣት የሚችል ሰው አልነበረም።

እናንተ ደግሞ አንድ ቪዲዮ ሚሊዮን ሰው ሲያየው «ሕዝቡ ተናገረ» ትላላችሁ። ይህ ያናድደኛል። ያየ ሁሉ ድምፅ አልሰጠም። አዋጅ ሲወጣም ርዕሱን አንብባችሁ ሼር ታደርጋላችሁ፤ ክልከላው ያለው ታች ነው። በድፍረት ግን ከእኛ ትበልጣላችሁ።

አደባባይ የወጣ ሕዝብ «በቃኸኝ» ማለት ይችላል፤ ማንም አይነፍገውም። «አንተ ግዛኝ» ለማለት ግን ጩኸት አይበቃም፤ ድምፅ መቆጠር አለበት፣ የተሾመውም የሚወርድበት መንገድ መኖር አለበት። አዲስ የመጣው ሰልፋችሁን አመስግኖ የነገውን ሰልፍ ከከለከለ ያኔውኑ ተናገሩ። «ጊዜያዊ ነኝ» ካላችሁም ቀኑን በጽሑፍ ጠይቁት። ደርግ በዚያው በጊዜያዊነት ስም 13 ዓመት ገዝቶናል።