ከምርመራው ውጤት በኋላ የተፈረመ ወረቀት

ጥያቄ፦ በአንድ መጋዘን ውስጥ የፎርክሊፍት ኦፕሬተር ሆኜ እሠራ ነበር። ዕቃ ሳነሣ መደርደሪያ ገጭቼ ንብረት ተበላሸ፤ ሰው ግን አልተጎዳም። በዚያው ዕለት ሽንት እንድሰጥ ታዘዝሁ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም አደንዛዥ ዕፅ ተገኝቶብሃል ተባልሁ። እኔ የወገብ ሕመም ያለብኝ ሰው እንጂ ዕፅ ተጠቃሚ አይደለሁም። ውጤቱ በተነገረኝ ቀን ሒሳቤንና ጥሩ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ሰጥተው አሰናበቱኝ። ሽንቴን ያለ ፍላጎቴ መመርመራቸው የግል ሕይወቴን መድፈር ስለሆነ ልከሳቸው እችላለሁን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ የጠየቁትን በአጭሩ ልመልስ። ከባድ ማሽን የሚያንቀሳቅስ ሠራተኛ አደጋ ሲያደርስ እንዲመረመር ማዘዝ፣ ሠራተኞች አስቀድመው በሚያውቁት የጽሑፍ የሥራ ደንብ ወይም በኅብረት ስምምነት ላይ የተመሠረተ እስከሆነ ድረስ፣ በብዙ አገሮች የተፈቀደ ነው። የግል ሕይወት መብትዎ አብረውዎት ከሚሠሩት ሰዎች ደኅንነት ጋር ይመዘናል፤ ፎርክሊፍት ለሚነዳ ሰው ደግሞ ሚዛኑ ብዙ ጊዜ ወደ ደኅንነቱ ያደላል። ዝርዝሩ እንደየአገሩ ሕግ ስለሚለያይ ደንቡን ይዘው ጠበቃ ያማክሩ፤ ክስዎን ግን በዚህ ነጥብ ላይ ብቻ ባያቆሙት እመክራለሁ።

እኔን ያሳሰበኝ ያልጻፉት ነገር ነው። አሠሪ ዕፅ ተገኝቶበታል ያለውን ሠራተኛ በዚያው ቀን ሒሳቡን ከፍሎ፣ እንከን የሌለበት የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጨምሮ የሚሸኘው እንዲሁ በደግነት አይደለም። የስንብት ደብዳቤ ስለመቀበልዎ አንድም ቃል አልጻፉም። እንግዲህ በዚያ ቢሮ ውስጥ ምን ፈረሙ? ግምቴ ትክክል ከሆነ «ጉዳዩ በፋይልህ እንዳይገባ በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ ብለህ ፈርም» ተብለዋል፤ ከሥሩም «ከድርጅቱ የምጠይቀው ምንም ዓይነት መብት የለኝም» የሚል ዐረፍተ ነገር ሳይኖር አይቀርም። ይህን ከእኔ መደበቅዎ ምንም አልጠቀመዎትም፤ የአሠሪው ጠበቃ በመጀመሪያው ቀጠሮ ይዞት ይቀርባልና።

ደንበኞች ዘወትር የሚወድቁበት ወጥመድ ይህ ነው፤ በምርመራው ተቆጥተው ይመጣሉ፣ ጉዳዩን ያበላሸው ግን ፊርማው ሆኖ ይገኛል። የዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 158፣ ባጸደቁት አገሮች፣ ሠራተኛ በቂ ምክንያት ሳይኖር እንዳይሰናበት፣ በጠባዩ ወይም በሥራ ችሎታው ምክንያት ከመሰናበቱም በፊት ራሱን የመከላከል ዕድል እንዲሰጠው ይደነግጋል። ነገር ግን የዚሁ ስምምነት አንቀጽ 3 ስንብት የሚለው በአሠሪው አነሣሽነት የሚደረገውን የውል መቋረጥ ነው። መልቀቂያ የፈረመ ሠራተኛ በወረቀት ላይ የተሰናበተ አይደለም፤ አሠሪው የስንብቱን ምክንያት እንዲያስረዳ ከመጠየቅ ይልቅ ሠራተኛው ራሱ ፈቃዱ በስሕተት፣ በተንኮል ወይም በማስገደድ የተገኘ መሆኑን ወደማስረዳት ይገባል። ይህ ደግሞ ከባድ ሸክም ነው። «ፈርቼ ነበር» ማለት ብቻውን አይበቃም። በክፍሉ ውስጥ እነማን ነበሩ? ጽሑፉ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር ወይስ እርስዎ ጻፉት? ለማሰብ ጊዜ ጠይቀው ተከለከሉ? ከቢሮው እንደወጡ ለማን ደወሉ፣ ምንስ ጻፉ? ትዝታዎ ሳይደበዝዝ ይህን ሁሉ ቀንና ሰዓት እየጠቀሱ ጽፈው ለጠበቃዎ ይስጡ። በሥራ ክርክር የይርጋ ዘመን፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ብዙ ጊዜ አጭር ስለሆነ «ትንሽ ልረጋጋና» የሚሉበት ጊዜ የለዎትም።

ፊርማው ሌላም ነገር አሳጥቶዎት ይሆናል፤ ውጤቱ በቅጡ ሳይጣራ ክርክሩ ተዘግቷል። የመጀመሪያው ፈጣን ምርመራ የሚያመላክት እንጂ የሚያረጋግጥ አይደለም፤ ማረጋገጫው ማስ ስፔክትሮሜትሪን (ንጥረ ነገሩ በትክክል ምን እንደሆነ የሚለይ የላቦራቶሪ መሣሪያን) በመሰለ ዘዴ የሚደረገው ሁለተኛው ምርመራ ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ የትራንስፖርት ሠራተኞች ሕግ ናሙናው በሁለት ጠርሙስ ይከፈላል፣ ውጤቱ ለአሠሪው ተረጋግጦ ከመተላለፉ በፊት አንድ ሐኪም ሠራተኛውን ስለሚወስደው መድኃኒት ይጠይቃል፣ ሠራተኛውም ውጤቱ በተነገረው በ72 ሰዓት ውስጥ ሁለተኛው ጠርሙስ በሌላ ላቦራቶሪ እንዲመረመር መጠየቅ ይችላል። ይህ ሕግ በእርስዎ ላይ ላይሠራ ይችላል፤ ቢሆንም የላቦራቶሪውን ሙሉ ሪፖርትና ናሙናው ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈበትን መዝገብ ዛሬውኑ በጽሑፍ ይጠይቁ። «ፖዘቲቭ» የምትል አንዲት ወረቀት ሪፖርት አይደለችም።

አሁን ወደ ወገብዎ ልመለስ። ሕመሙን እንደዋዛ ጠቅሰው አልፈውታል፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ግን አልነገሩኝም። ኮዴይን ያለበት ማስታገሻ ከሆነ ማረጋገጫውም ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል፤ ሰውነት የኮዴይንን ከፊል ምርመራው ወደሚፈልገው ዕፅ ወደ ሞርፊን ይለውጣልና፣ ላቦራቶሪውም በሐኪም ትእዛዝ የተወሰደውን ከሌላው አይለይም። የሚለየው ከአደጋው በፊት ቀን ያለው የሐኪም ማዘዣ ነው። ከአደጋው በኋላ ቀኑን ወደ ኋላ አድርጎ የሚጽፍልዎት ሐኪም እንዳይፈልጉ አጥብቄ አስጠነቅቃለሁ፤ ሐሰተኛ ማስረጃ የሥራ ጉዳይዎን የወንጀል ጉዳይ ያደርገዋል።

ማዘዣ ቢኖርዎትም ነገሩ በዚያ አያልቅም። የሽንት ምርመራ መድኃኒቱ በሰውነትዎ ማለፉን እንጂ በግጭቱ ሰዓት ደንዝዘው እንደነበር አያሳይም፤ ይህ ለእርስዎ ጥሩ መከራከሪያ ነው። ሆኖም በመድኃኒቱ ማሸጊያ ላይ «ማሽን አያንቀሳቅሱ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካለና ለአለቃዎ ሳይነግሩ ፎርክሊፍቱ ላይ ከወጡ፣ በተፈቀደ መድኃኒትም ቢሆን ጥፋት ሊባል ይችላል። የዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 155 አንቀጽ 19 ሠራተኛም ለሥራ ቦታ ደኅንነት የመተባበር ድርሻ እንዳለው ይናገራል። በዚያ መደርደሪያ ሥር ሰው ቆሞ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሌላ ጉዳይ ነበር። ይህን ጥያቄ አሠሪው ሳያነሣው ለጠበቃዎ እውነቱን ይንገሩ።

እስከዚያው ለድርጅቱ ምንም ዓይነት ማብራሪያ አይጻፉ፣ ተጨማሪ ወረቀትም አይፈርሙ። የፈረሙትን ሰነድ ቅጂ፣ የሥራ ውልዎን፣ የሥራ ደንቡን፣ የአደጋውን ሪፖርት፣ ማዘዣውንና የመድኃኒት ቤቱን ደረሰኝ ሰብስበው በዚህ ሳምንት በአካባቢዎ የሥራ ሕግ ጉዳይ የሚይዝ ጠበቃ ዘንድ ይቅረቡ፤ የፈረሙት ሰነድ ቅጂ ካልተሰጠዎት ደግሞ ጠበቃው በጽሑፍ እንዲጠይቅልዎት ያድርጉ።