ስልክ ሲጠራ ኢንተርኔቱ ይቋረጣል

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ከዚራ፣ የድሮ ቤት ውስጥ ነው የምኖረው። በስልክ መስመር የሚመጣው ኢንተርኔት ይንቀራፈፋል፤ ስልክ ሲጠራማ ጭራሽ ይቋረጣል። ራውተር ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሌላ ራውተር እንዳትገዛ! ስልክ ሲጠራ መቋረጡ ትልቅ ፍንጭ ነው፤ ሽቦውን ወይም ስፕሊተሩን (የስልኩን ድምፅና ኢንተርኔቱን የሚለየውን ትንሽ ዕቃ) ጠርጥር። ድምፅ የሚሄደው ከ4 ኪሎኸርዝ በታች ነው፣ ኤዲኤስኤል (በስልክ መስመር የሚመጣው ኢንተርኔት) ግን እስከ 1.1 ሜጋኸርዝ ስለሚወጣ ለስልክ ወሬ ምንም የማያስቸግር አሮጌ ሽቦ ኢንተርኔቱን ድራሹን ሊያጠፋው ይችላል።

መጀመሪያ የውጭው መስመር ቤት የሚገባበት ሳጥን ላይ የውስጡን ሽቦ ንቀልና ራውተሩን በአጭር ገመድ እዚያው ሰካው። ፈጠነ? ጥፋቱ የቤትህ ሽቦ ነው። ካልፈጠነ መስመሩ ከውጭ እንዲታይልህ አመልክት። ይህን ሳትሞክር ለማንም ብር አትክፈል።

የድሮ ቤት ውስጥ ለሳሎን፣ ለመኝታ ቤት፣ ለበረንዳ እየተባለ ሽቦው እየተቀጠለ ይከፋፈላል። ስልክ የሌለበት ትርፍ ቅርንጫፍ ሲግናሉን መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ከመነሻው ንቀለው። መጋጠሚያዎቹንም ክፈትና እይ፤ በናስትሮ ተጠቅልሎ አረንጓዴ ያወጣ መዳብ ካገኘህ ቆርጠህ እንደ አዲስ አጋጥመው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከሳጥኑ እስከ ራውተሩ አንድ ወጥ ገመድ መዘርጋት ነው፣ ካት 5 የኔትወርክ ገመድ ሽቦዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ ስለሆኑ በደንብ ይሠራል። ስፕሊተሩን መግቢያው ላይ አድርገው። ሽቦውን እንደያዝክ ስልክ ከተደወለ ይነዝርሃል፣ ተጠንቀቅ።