«ኔትወርክ የለም» ስንል የትኛው የለም? — የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከጎንደር የደረሱን ደብዳቤዎች ሁሉም ማለት ይቻላል «ኔትወርክ የለም» ወይም «ኔትወርኩ አስቸገረን» ብለው ይጀምራሉ። ዝርዝራቸውን ስናነብ ግን አንዱ የአድራሻ፣ አንዱ የስም፣ አንዱ የርቀት፣ ሌላውም የኬብል ችግር ሆኖ አገኘነው። ሐኪም ፊት ቀርቦ «አሞኛል» ብቻ ብሎ ዝም የሚል ሕመምተኛ የሚያሳክመውን እንደማይጠቁም ሁሉ፣ የችግሩን ቦታ በስሙ መጥራት ያልቻለ ደንበኛም ለባለሙያው የሚነግረው የለውም፤ ባለሙያውም ራውተሩን (ኢንተርኔቱን ለመሣሪያዎቹ የሚያከፋፍለውን ሳጥን) አጥፍቶ ከማብራት አልፎ እንዲመረምር የሚያስገድደው ነገር አይኖርም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ቃላት እያንዳንዳቸውን ከተነሡበት ችግር ጋር አያይዘን አብራርተናል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሦስት ኮምፒውተሮችና አንድ ፕሪንተር በአንድ ራውተር ተያይዘው ይሠራሉ። ጠዋት ጠዋት ሁሉም ነገር ደህና ነው፤ ከሰዓት በኋላ ደንበኞች ፋይላቸውን ከስልክ ለመላክ ዋይፋዩን መጠቀም ሲጀምሩ ግን ኮምፒውተሮቹ ፕሪንተሩን ማግኘት ያቅታቸዋል። የጠራሁት ባለሙያ «አይፒ ተጋጭቷል» ብሎ ራውተሩን አጥፍቶ አበራው፤ ሂሳቡንም ተቀብሎ ሄደ። በማግስቱ ችግሩ ተመለሰ። አይፒ ምንድን ነው? የሚጋጨውስ ከማን ጋር ነው?

መልስ፦ ባለሙያው የበሽታውን ስም በትክክል ነግረውዎታል፤ ያደረጉት ግን ለአንድ ቀን የሚያስታግስ ነገር ብቻ ነው። አይፒ አድራሻ በአንድ መረብ ውስጥ ያለ መሣሪያ ሁሉ መልእክት የሚደርሰው በእሱ አማካይነት የሆነ ቁጥር ነው። በየሱቁና በየቤቱ የተለመደው 192.168.1.20 የመሰለ፣ በነጥብ የተለዩ አራት ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ክፍል ከ0 እስከ 255 ያለውን ቁጥር ሊይዝ ይችላል።

ራውተርዎ ውስጥ ዲኤችሲፒ የሚባል አገልግሎት አለ። ሥራው ባንክ ቤት በር ላይ የተራ ቁጥር ቆርጦ የሚሰጠውን መሣሪያ ይመስላል። አዲስ የገባ ስልክ ሁሉ ቁጥር ይጠይቃል፤ ራውተሩም ካልተያዙት አንዱን ለተወሰነ ጊዜ በውሰት ይሰጠዋል። ፕሪንተር ሲተከል ግን ኮምፒውተሮቹ ዘወትር በአንድ ቦታ እንዲያገኙት ባለሙያዎች ቋሚ ቁጥር በእጃቸው ያስገቡለታል። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ ጣጣው የሚመጣው ያ ቋሚ ቁጥር ራውተሩ ለመጪ እንግዳ ከሚያድላቸው ቁጥሮች መካከል የወደቀ እንደሆነ ነው። ራውተሩ በመጨረሻው ክፍል ከ2 እስከ 100 ያሉትን ቁጥሮች እንዲያድል ተደርጎ፣ ፕሪንተሩ ደግሞ 20 ቁጥርን ይዞ ከሆነ፣ ጠዋት የሚገቡት መሣሪያዎች ጥቂት ስለሆኑ ዕደላው 20 ላይ አይደርስም። ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲበዛ ግን አንድ ስልክ ያንኑ ቁጥር ተቀብሎ ይገባል። ከዚያ ወዲያ «ለ20 አድርሱ» የተባለ የኅትመት ትእዛዝ አንዴ ወደ ፕሪንተሩ፣ አንዴ ወደ እንግዳው ስልክ ይሄዳል፤ ግጭቱ ይኸው ነው። ከጎረቤትዎ ሱቅ ጋር ግን አይጋጩም። በ192.168 የሚጀምሩት ቁጥሮች ለውስጥ አገልግሎት ብቻ የተተዉ ስለሆኑ፣ በዓለም ዙሪያ ሚሊዮን ቤቶች እየደጋገሙ ይጠቀሙባቸዋል። ይህ የሆነበትም ምክንያት አለው፤ ባለ አራት ክፍሉ አድራሻ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ያህል ብቻ ሲሆን፣ በየክፍለ ዓለሙ አድራሻ ለሚያድሉት ድርጅቶች የሚከፋፈለው የመጨረሻው ክምችት በየካቲት 2011 እ.ኤ.አ. አልቋል። ስለዚህ የሱቅዎ መሣሪያዎች በሙሉ ከሱቁ ውጭ የሚታወቁት ራውተሩ በያዘው አንድ የውጭ አድራሻ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከፕሪንተሩ የቅንብር ገጹን ያትሙና አይፒ አድራሻውን በወረቀት ይያዙ። ቀጥሎ ራውተሩን ገልብጠው ከሥሩ የተለጠፈውን ወረቀት ያንብቡ፤ የመግቢያ አድራሻው፣ የተጠቃሚ ስሙና የይለፍ ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። በዚያ አድራሻ በብሮውዘር ገብተው ዲኤችሲፒ የሚለውን ክፍል ሲከፍቱ፣ ዕደላው ከስንት ቁጥር እስከ ስንት እንደሆነ ያያሉ። የፕሪንተሩ ቁጥር በመካከሉ ካለ፣ ለምሳሌ 20 ከሆነ፣ ዕደላው ከ50 እንዲጀምር ቢያደርጉት ግጭቱ ይቆማል። ሌላው መንገድ ራውተሩ ያንን ቁጥር ለፕሪንተሩ ብቻ እንዲያስቀምጥ ማዘዝ ነው፤ ለዚህም የፕሪንተሩ ማክ አድራሻ ያስፈልግዎታል። ማክ አድራሻ መሣሪያው ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣ፣ በ12 አኃዞችና የላቲን ፊደላት የሚጻፍ መለያ ነው። አይፒ የቤት ቁጥር ነው ቢባል፣ ቤት በተቀየረ ቁጥር ይለወጣል፤ ማክ ግን እንደ ጣት አሻራ ከመሣሪያው ጋር ይዞራል። (የዛሬ ስልኮች ዋይፋይ ላይ ሐሰተኛ ማክ እየቀያየሩ ማሳየት ስለሚችሉ ይህ ዘዴ ለስልክ ብዙም አያስተማምንም፤ ለፕሪንተር ግን ይሠራል።)

አንድ ነገር ሳይጠይቁኝ ልጨምር። የእርስዎ ዓይነት ቤት ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች የሰው መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታና የውል ወረቀት የያዙ ናቸው። የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ከእነዚህ ኮምፒውተሮች ጋር በአንድ መረብ ውስጥ መግባቱ ከፕሪንተሩ መጥፋት ይልቅ እጅግ ያሳስበኛል። ራውተርዎ ለእንግዶች የተለየ ዋይፋይ መክፈት የሚችል ከሆነ ዛሬውኑ ይክፈቱት፤ የዋናውንም ይለፍ ቃል ይቀይሩ፤ ግድግዳ ላይም አይለጥፉት። ፋይል የሚልክልዎት ደንበኛ ከሱቁ ኢንተርኔት እንጂ ከሱቁ ኮምፒውተሮች ጋር መገናኘት አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ ማራኪ ግቢ የምማር ተማሪ ነኝ። አብረን የምንኖር ጓደኛሞች ተዋጥተን «10 ሜጋ» የተባለ የቤት ኢንተርኔት አስገብተናል። ፋይል ስናወርድ ግን ኮምፒውተሩ ከ1.2 በላይ አያሳይም። ተታለልን ማለት ነው? ደግሞስ ማውረዱ ደህና ሆኖ ሳለ በቪዲዮ ስናወራ ድምፁ ለምን ይዘገያል?

መልስ፦ ከተነገራችሁ አንጻር አልተታለላችሁም፤ ያምታታችሁ «ሜጋ» የሚለው ቃል ብቻውን መነገሩ ነው። የመስመር ፍጥነት የሚለካው በሜጋቢት ሲሆን፣ የፋይል መጠን የሚለካው ደግሞ በሜጋባይት ነው። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ በሰከንድ 10 ሜጋቢት የሚያሳልፍ መስመር ቢበዛ 1.25 ሜጋባይት ያወርዳል ማለት ነው። 1,000 ሜጋባይት የሆነ ፋይል መስመሩን አንድ ሰው ብቻውን ይዞት እንኳ 800 ሰከንድ፣ ማለትም 13 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ አራት ሆናችሁ ስታወርዱ ደግሞ ያው 1.25 ለአራት ይከፈላል። ሻጮች ሁለቱን ቃላት ሳይለዩ «ሜጋ» እያሉ መናገራቸው ገዢን የሚያሳስት ልማድ ስለሆነ፣ ውል ስትፈርሙ «ቢት ነው ባይት?» ብሎ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

የቪዲዮው መዘግየት ሌላ ጉዳይ ነው። ባንድዊድዝ የሚባለው የመስመሩ ስፋት ነው፤ በአንድ ጊዜ ምን ያህል መረጃ እንደሚያልፍ ይገልጻል። ሌተንሲ የሚባለው ደግሞ አንድ መልእክት ደርሶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ከጎንደር አዘዞ የሚወስደው አስፋልት በእጥፍ ቢሰፋ ብዙ መኪና ያሳልፋል፤ አዘዞን ግን አያቀርባትም። በፋይበር (መረጃን በብርሃን በሚያስተላልፈው የመስታወት ኬብል) ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ሰርቨሩ (የምትጠሩትን አገልግሎት የሚሰጠው ኮምፒውተር) በኬብሉ መንገድ 10,000 ኪሎ ሜትር የሚርቅ ከሆነ፣ መንገዱ ብቻውን ደርሶ መልስ 100 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት መረጃው ከባሕር ሥር ኬብሎች የሚደርሰው እንደ ጅቡቲ ባሉ ጎረቤቶች በኩል አልፎ ሲሆን፣ በየመገናኛው ያለው ወረፋ በዚህ ላይ ይጨመራል። ፋይል ሲወርድ ይህ መዘግየት አይታወቅም፤ ሰው ተናግሮ መልስ ሲጠብቅ ግን ወዲያው ይሰማል። ፒንግ በሚባለው፣ አጭር መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ የወሰደውን ጊዜ በሚሊሰከንድ በሚያሳየው ትእዛዝ ለክታችሁ ቁጥሩ ከ50 ወደ 600፣ ከ600 ወደ 80 እየዘለለ ካገኛችሁት፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ከቤታችሁ ውስጥ አንዱ ትልቅ ፋይል እያወረደ መሆኑ ነው። በቪዲዮ የምታወሩበትን ሰዓት ተነጋግራችሁ ብትለዩት ያለ ምንም ወጪ ይሻሻላል።

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንዳንድ ቀን ቴሌግራም እየሠራ ብሮውዘር ግን ምንም ገጽ አይከፍትም። የሚያወጣው መልእክት ዲኤንኤስ የሚል ቃል አለበት። ኢንተርኔት አለ ነው የሚባለው ወይስ የለም?

መልስ፦ ኢንተርኔቱ አለ፤ የጠፋው መንገድ ጠቋሚው ነው። ጎንደር ውስጥ ቤት ስንጠቁም «ከሥላሴ ዝቅ ብሎ» ወይም «ወደ ቁስቋም መውጫው ላይ» እንላለን እንጂ የቤት ቁጥር የሚጠራ የለም። ሰው ኢንተርኔት ላይም እንዲሁ በስም ይጠራል፤ ኮምፒውተሮች ግን የሚገናኙት በቁጥር ብቻ ነው። ስሙን ተቀብሎ ቁጥሩን የሚነግረው አገልግሎት ዲኤንኤስ ይባላል። በመጀመሪያ የኮምፒውተሮቹ ስምና ቁጥር በሙሉ በአንድ ፋይል ተመዝግቦ ከአሜሪካ ከአንድ የምርምር ተቋም ይሰራጭ ነበር። መሣሪያዎቹ ሲበዙ ያ መዝገብ ስላልቻለ፣ በ1983 እ.ኤ.አ. ፖል ሞካፔትሪስ ስሞቹን በብዙ ሰርቨሮች መካከል የሚከፋፍለውን ይህን ሥርዓት ነደፈ። ስም የሚነበበው ከኋላ ወደ ፊት ነው፤ መጨረሻው «ኢቲ» የሆነ ስም ሲጠየቅ፣ ፍለጋው በመጀመሪያ የኢትዮጵያን ስሞች ወደሚያውቁት ሰርቨሮች ይመራል።

እንደ ቴሌግራም ያሉ አንዳንድ መተግበሪያዎች የሰርቨሮቻቸውን ቁጥር አስቀድመው ይዘው ስለሚሄዱ ጠቋሚው ቢጠፋም መንገዱን ያውቁታል። ለማረጋገጥ በፒንግ 8.8.8.8 የሚለውን የጎግል ሰርቨር ቁጥር ይጥሩ፤ መልስ ከመጣ መስመሩ ደህና ነው፤ ያኔ ለባለሙያው «ዲኤንኤሱን አይልኝ» ይበሉ። በአንጻሩ የኮምፒውተርዎ አይፒ አድራሻ በ169.254 የሚጀምር ሆኖ ካገኙት ጉዳዩ ከዲኤንኤስ በፊት ነው፤ ኮምፒውተሩ ቁጥር ጠይቆ የሚሰጠው ስላጣ ለራሱ ቁጥር አውጥቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ ኬብሉንና ራውተሩን ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ አዘዞ የአይሲቲ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «ፖርት» ኬብል የሚሰካበት ቀዳዳ ነው ይላሉ፤ መጽሐፉ ግን ፖርት 80፣ ፖርት 443 ይላል። በምን ምሳሌ ላስረዳቸው?

መልስ፦ ተማሪዎቹ አልተሳሳቱም፤ ቃሉ ሁለት ነገር ይጠራል። ሁለተኛውን ለማስረዳት ፋሲል ግቢ ይዘዋቸው ቢሄዱ እመክራለሁ። ግቢው አንድ ነው፤ ቅጥሩም አንድ ነው፤ በሮቹ ግን 12 ናቸው። እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ ወምበር በር የሚሉት ስሞች እያንዳንዱ በር ከየትኛው ጉዳይ ጋር የተያያዘ እንደነበር ይናገራሉ። ሰርቨርም እንዲሁ ነው፤ አይፒ አድራሻው እስከ ቅጥሩ ያደርሳል፣ የፖርት ቁጥሩ ደግሞ በየትኛው በር እንደሚገባ ይወስናል። ገጽ ለማንበብ የመጣ በ80፣ ምስጢሩ ተጠብቆ ለማንበብ የመጣ በ443፣ በሰርቨሮች መካከል ኢሜይል የሚያመላልስ በ25 ይገባል። ቁጥሮቹ እስከ 65,535 ይደርሳሉ። ፋየርዎል የሚባለው በበሮቹ የቆመው ዘብ ነው፤ የማይፈለገውን በር ዘግቶ፣ በተከፈተው በር የሚገባውንም ይፈትሻል። የመረጃ ፓኬት የሚለውን ሲያስተምሩ ደግሞ ተማሪዎቹ በስልክ ከሚገዙት የኢንተርኔት ጥቅል ጋር እንዳያምታቱት ያስጠንቅቋቸው፤ ፓኬት ማለት አንድ ፋይል ለጉዞ ሲቆራረጥ የላኪና የተቀባይ አድራሻ የሚጻፍበት እያንዳንዱ ቁራጭ ሲሆን፣ ቁራጮቹ ሲደርሱ ተገጣጥመው ፋይሉ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ቤት ከቤቴ 140 ሜትር ያህል ይርቃል። በአንድ ኢንተርኔት ለመጠቀም ኬብል ልዘረጋለት አስቤአለሁ፤ ዋይፋዩ የድንጋይ ግድግዳችንን አያልፍም። ሱቅ ስጠይቅ አንዱ ሞደም፣ አንዱ ራውተር፣ አንዱ ስዊች ግዛ አለኝ። የትኛውን ልግዛ?

መልስ፦ ሞደም የአገልግሎት ሰጪውን መስመር የሚተረጉም ነው፤ ራውተር የቤትዎን መረብ ከውጭው ጋር የሚያገናኝ ነው፤ ስዊች በአንድ መረብ ውስጥ ያሉ መሣሪያዎችን በኬብል የሚያያይዝ ነው። ሞደሙና ራውተሩ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሳጥን ስለሚመጡ እነሱ ቀድሞም አሉዎት። ግድግዳውን በተመለከተ፣ ራውተርዎ በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ የሚያሰራጭ ከሆነ 2.4ቱ ግንብን የማለፍ አቅሙ የተሻለ ነው፤ ሆኖም ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አልፎ 140 ሜትር ይሄዳል ብለው ተስፋ አያድርጉ።

የተለመደው የመዳብ ኔትወርክ ኬብል የሚፈቀድለት ርዝመት 100 ሜትር ነው። ከዚያ ካለፈ መብራቱ እየበራ እንኳ መረጃው ይቆራረጣል። በ70 ሜትር ላይ ከዝናብ የተጠበቀና የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያገኝ ቦታ ካለ መካከል ላይ ስዊች አስቀምጠው መቀጠል ይችላሉ። እኔ ግን ፋይበር ቢዘረጉ እመርጣለሁ፤ በሁለቱ ጫፎች የሚገጠሙትን መለወጫዎች ጨምሮ ወጪው ከፍ ቢልም፣ ለክረምቱ መብረቅ አስተማማኝ መልስ ነው። በሁለት ቤቶች መካከል በአየር ላይ የተዘረጋ መዳብ፣ መብረቅ አቅራቢያው ሲወድቅ በሁለቱም ጫፍ ያለውን ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል፤ ፋይበር ግን መስታወት ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። በውስጡ የማጠናከሪያ ሽቦ የሌለውን ዓይነት ጠይቀው ይግዙ፤ ዝርጋታውንም ሰኔ ሳይገባ ይጨርሱት።